ልክዎ እኛ ጋ አለ

ዋይት ሴንተር ሰፈር ውስጥ የአሚናትን ሱቅ የማያውቅ ሐበሻ ካለ አዲስ ገቢ ነው። እኔ ፍስሃጽዮን ከጎኗ ስልክ እጠግናለሁ፤ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ የስፌት መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ይሰማኛል። ያን አርብ ግን ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ የለም።

አሚናት ወራቤ ተወልዳ መርካቶ ስፌት የተማረች፣ እዚህ ፈረንጅ አገር መጥታ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ኦበርን ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታነሳ የኖረች ሴት ናት። ወደ ስፌቷ የተመለሰችው ወገቧ እምቢ ሲላት ነው። ዌብሳይቷን የሠራሁላት እኔ ነኝ፤ ጉረኛ አትበሉኝና፣ አሳምሬ ነው የሠራሁት። አንድ ጊዜ ልኳን ያስመዘገበች ደንበኛ ተመልሳ ስትገባ ገጹ በስሟ ይጠራትና «ልክዎ እኛ ጋ አለ» ይላታል። ሩቅ ሊንውድ ያሉት ሳይቀሩ ከቤታቸው ሳይወጡ ቀሚስ የሚያዙት በዚህች ነገር ነው።

ደብዳቤው ከአንድ የጠበቆች ቢሮ የመጣው ዒድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ዌብሳይት ተመልሶ የመጣን ጎብኚ የሚያስታውስበት ዘዴ የደንበኛችን ፈጠራ ነው፣ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አለው ይላል። ፓተንቱ ጁን 2020 ላይ ጊዜው አልፎበታል፤ ሆኖም ከዚያ በፊት ለተጠቀምሽበት ትጠየቂያለሽ። ገጽሽ ግርጌ ላይ ራስሽ «ከ2013 ጀምሮ» ብለሽ ጽፈሻል። እስከ አርብ አስራ አንድ ሰዓት አምነሽ ካልፈረምሽና ካልከፈልሽ ፍርድ ቤት እንገናኝ። የጠየቁት ክፍያ ሱቁን የሚያዘጋ ነበር።

ያቺን «ከ2013 ጀምሮ» የምትል መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን አስር ጊዜ ባነበውም ቁጥሩ ትክክል መሰለኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ፍርሃቱ አናቴ ላይ ወጣና ጅል እንኳ የማይሠራውን ሠራሁ፤ ማስረጃ እንዳይሆንባት ብዬ ለአሚናት ሳልነግራት ዌብሳይቱ የሚያስታውሰውን ሁሉ አጠፋሁት። የሁለት መቶ ሴት ልክ በአንዴ ሄደ። ኮፒም አልነበረውም።

አስር ሰዓት ላይ ጠራችኝ። ወረቀቱ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል።

«ሶ፣ የሰው ነገር ሰረቅሽ እያሉኝ ነው አይደል?» አለች።

«እንደሱ አይደለም፣ አሚናት።»

«ነው እንጂ። እኔ የሰው ክር እንኳ ወስጄ አላውቅም። ሎየር ኮል አድርጌ ነበር፣ አፖይንትመንት የሰጠኝ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። ልፈርምና ልገላገል።»

ስሟን በትልቁ ጻፈች። ከፊርማው በፊት ቀን የሚሞላበት ቦታ አለ። ብዕሩን እንደያዘች ቀና አለች።

«ዓመቱ 2017 አይደል?»

«ለነሱ 2025 በያቸው» አልኳት።

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ ቆመ።

«ፍስሃ፣» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ያ 2013ስ የማን ነው?»

ክው አልኩ። ዌብሳይቱን የከፈትነው በኮሮና ጊዜ፣ ሱቁ ተዘግቶባት ነው። መቼ ጀመርን ልበል ስላት በሀገር ቤት አቆጣጠር 2013 አለችኝ፤ እኔም ቤቴ የምቆጥረው እንደዚያው ነውና ምንም ሳይመስለኝ ጻፍኩት። በፈረንጁ ኦክቶበር 2020 ነበር። ፓተንቱ ካበቃ አራት ወር አልፎታል።

የዌብሳይቱ ስም የተገዛበትን ደረሰኝ ፈልጌ ለጠበቆቹ ስልክላቸው ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆነ። ወዲያው ደወልኩ።

«ዓመታችሁ ከኛ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነው?» አለኝ ስልኩን ያነሳው ሰውዬ።

«ሰባት። አንዳንዴ ስምንት።»

አሚናት ከንፈሬን ታያለች። ሰውዬው ደረሰኙን እያነበበ እንደሆነ፣ እንዳልነው ከሆነ ፋይሉን እንደሚዘጋው ነገረኝ። አሚናት ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች።

እንባዋን ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። ከኦበርን ደንበኛዋ እትዬ አገሬ ናቸው።

«አሚናት፣ ኢንተርኔትሽ አላውቅሽም አለኝ እኮ። ልኬን እንደ አዲስ ይጠይቀኛል።»

አሚናት ዞር ብላ አየችኝ። ያደረግኩትን አንገቴን ደፍቼ ነገርኳት። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እትዬ አገሬ፣ ደረትዎ መቶ አራት፣ እጅጌ ሃምሳ ስድስት፣ ግራ ትከሻዎ ትንሽ ዝቅ ይላል። እኔ አውቅዎታለሁ፣ አያስቡ።»

ስልኩን ዘጋችና ወንበር ሳበችልኝ። «ጻፍ» አለችኝ።

ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዷን ሴት በስሟ እየጠራች ልኳን ነገረችኝ። መቶ ስልሳ አንድ ላይ ስትደርስ ደክማ አቆመች፤ የቀሩትን ደውላ ልትጠይቅ ነው። ይቅርታ አልኳት፣ ከልቤ ነበር። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው።

«የሰዉስ ልክ ተገኘ» አለች። «የቀረኝ አንተን ልክ ማስገባት ነው።»

አልሳቀችም።