በአጎቴ ለቅሶ የሚዞረው ፈረስ

አጎቴ ሞትን አይፈራም ነበር፤ የሚፈራው ያለ ፈረስ መሞትን ነው። አገራችን ቸሃ ውስጥ የእሱ እኩያ ሲያርፍ ፈረሱ ይጫናል፣ ካባው ኮርቻው ላይ ይጣላል፣ መንደሩን አቋርጦ በሚያልፈው ሰፊ የሣር መንገድ፣ በጀፎረው ላይ፣ በለቀስተኛው ፊት ይዞራል። የአጎቴ ፈረስ ግን ጌታውን ቀደመው። ክረምቱ ሲወጣ ዓይኑ አብጦ፣ አፍንጫው አረፋ ደፍቆ፣ ጠዋት ወድቆ ተገኘ።

እኔ ወልቂጤ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በሽታውን አውቀዋለሁ፤ ዝናቡ ሲያባራ በምትበዛ ደቃቅ ተናካሽ ዝንብ ይተላለፋል። ስሙ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው፤ አህጉራችንን ከነሙሉ ክብሯ ስሙ ውስጥ የከተተልንን ሰው አላውቀውም። ክትባት እንዳለው ለአጎቴ ነግሬው ነበር። «ከመስቀል በኋላ» አለኝ። እኛ ዘንድ ሠርጉም፣ እርቁም፣ የጣሪያው ቆርቆሮም የሚቀጠረው ልጆች ከያሉበት ለሚገቡበት ለመስቀል ነው። ዝንቧ ግን ቀጠሮ አታከብርም።

አረብ አገር የሚኖረው ልጁ መርዶውን ሰምቶ ደወለልኝ። «ለአባቴ ከዚህ ፈረስ እልክለታለሁ፤ ጥቁር፣ ቁመቱ የሚያስደነግጥ። ወረቀቱን አንቺ ጨርሺልኝና ለሚመጣው መስቀል ይድረስ።»

በሽታ ካለበት አገር ስለሚገባ ፈረስ የተጻፈውን የእኛን ደንብ አወጣሁ። የጤና ምስክር ወረቀት፣ የደም ምርመራ፣ ለይቶ ማቆያ። ከውጭ የሚመጣ ነገር እንዳይነካን እንዲህ መጠበቃችን ደስ አሰኘኝ። ከዚያ ልጁ ያለበትን አገር ደንብ ሳነብ፣ በሽታ ያለባት አገር እኛ ሆነን አረፍነው። ፈረሱ አንዴ የእኛን አፈር ከረገጠ፣ ተመልሶ እዚያ መግባቱ ጭንቅ ነው። ይህንኑ ለአጎቴ ነገርኩት።

«ሄዶ አይመለስም ነው የሚሉት?»

«እንደዚያ በለው።»

«እኔስ የምሄድበት መመለሻ አለው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ይምጣ!»

ችግሩ መስቀል ነበር። «እሱን ፈረስ ለመስቀል ማስገባት፣ በለይቶ ማቆያ ስንጠነቀቅለት ከርመን ለዝንቧ የበዓል ሙክት ማቅረብ ነው» አልኩት ልጁን። «እዚያው ይከተብ፣ ክትባቱ ይያዝለት፣ በበጋ ይግባ።»

«በበጋ ማን ያየዋል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። በበጋ ጀፎረው ላይ ፈረሱን የሚያዩት ላሞች ናቸው። እሱም ከመስቀል አልነቃነቅ አለ፣ እኔም ከደንቤ፤ ተኳረፍን። በዚህ መሀል ክረምት ገባና አጎቴ አልጋ ያዘ።

«ልጄ፣ ደንብ የማይጠይቅ ፈረስ ጠፋ?» ብሎ ላከብኝ። አንጀቴን በላው። በዚያው ሳምንት ወልቂጤ ውስጥ ጋሪ ሲጎትት የኖረ፣ ትከሻው የተላጠ፣ በሽታው ስንት ክረምት እያየው ያለፈውን ፈረስ ገዝቼ፣ ያለ ምንም ቀጠሮ ከትቤ ወሰድኩለት። አጎቴ በመስኮት ትክ ብሎ አየው። «ከሲታ ነው» አለ፤ «ግን እዚህ አለ።» ያን ቀን ጠግቦ በላ።

ያረፈው መስቀል ሊገባ ሲል ነው። ልጁ በማግሥቱ ከተፍ አለ፤ ለሰው የሚጠየቀው ወረቀት ያንሳል። የአባቱን ካባ በዚያ በተላጠ ትከሻ ላይ ሲያይ በሀፍረት አንገቱን ደፋ።

ፈረሱ ጀፎረው ላይ ጉዞ ጀመረ። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልጓሙን ቢጎትቱት አይነቃነቅም፤ ትንሽ ጠብቆ በራሱ ጊዜ ይቀጥልና ቀጣዩ ሰው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ይቆማል።

«ጌታውን እየፈለገ ነው!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። ለቅሶው ቀለጠ። ልጁ ሮጦ የፈረሱ አንገት ላይ ተጠመጠመ።

ጋሪ ፈረስ ሰው ሲያይ የሚቆመው ተሳፋሪ ሊጭን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ፈረሱ ፊቴ መጥቶ ቆመ፣ ጠበቀ፤ ኮርቻው ባዶ ነው። በተከፈተው አፌ ከሁሉም በላይ ጮኼ አለቀስኩ።