መሪው ላይ የሚታሰረው ጨርቅ

አጎቴን ግቢው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ጨርቁ» ነው የሚለው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። እኔ ሹፌር ሆኜ እዛ ጦር ክፍል ስመደብ እሱ መካኒክነቱ ላይ ፀጉሩ ሸብቶ ነው ያገኘሁት። ወታደር አይደለም፣ ሲቪል ሠራተኛ ነው፤ ግን ግቢውን ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል። ጡረታው ደርሶ ነበር። ደርሶ ነበር የምለው አሁን ምን እንደሚሆን ስለማላውቅ ነው።

ጋሽ ጨርቁ የተባለው እንዲህ ነው። መለዋወጫ አይመጣም። ይጠየቃል፣ «በሚቀጥለው በጀት» ይባላል፣ የሚቀጥለው ሲመጣ ደግሞ እሱም የራሱ የሚቀጥለው አለው። መኪና ግን መውጣት አለበት። ስለዚህ ከቆመችው ይነቀላል፣ ለምትሄደው ይገጠማል። ዛሬ ሞተሪኖዋ የተወሰደባት ነገ ከሌላዋ ሞተሪኖ ታገኝና በምትኩ ዲናሞዋን ትሰጣለች። እኛ ሹፌሮቹ «ጥርስ መዋዋስ» ነው የምንለው።

አጎቴ ከአንዲት መኪና አንድ ነገር በነቀለ ቁጥር ቀይ ጨርቅ ቀዶ መሪዋ ላይ ያስራል። የጎደለው ሲተካ ይፈታል። ጨርቅ ያለባትን መኪና ማንም አይነካም፣ አዛዣችን ሻምበሉም ቢሆን። አዲስ ሹፌር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ማርሽ አይደለም፣ ጨርቁን ነው። «ይሄን ካየህ እጅህን ኪስህ ክተት» ይለዋል። እኔንም እንደዛው ነው ያለኝ፤ የእህቴ ልጅ ነው ብሎ አላለዘበውም።

ጨርቁ የሚመጣው ከቤታቸው መጋረጃ ነው። ከታች ጀምሮ እየተቀደደ እየተቀደደ አሁን የመስኮቱ ግማሽ ላይ ደርሷል።

«የሰው ባል ለሚስቱ መጋረጃ ይገዛል» ትለዋለች ሚስቱ። «የኔው ደግሞ የኔን አውልቆ መኪና ያለብሳል። መንገደኛው ሁሉ ምን እንደምንበላ እያየ ነው የሚያልፈው።»

«ለመኪና አይደለም እኮ፣ ለልጆቹ ነው።»

«ለልጆቹ ከሆነማ መንግሥት የራሱን መጋረጃ ይቅደድ።»

ልጅ አልወለዱም። ልጆቹ የሚለው እኛን ሹፌሮችን ነው።

ሌላም አመል አለው፣ እሱን ካልነገርኩ የሚመጣው አይገባም። ታርጋ አያይም። ማንበብ አቅቶት አይደለም፣ መኪኖቹን እንደ ሰው ነው የሚያውቃቸው። «ያቺ ጉንጯ የተላጠችው»፣ «ያቺ ዛፍ ሥር ያለችው» ይላል። ግራ ጆሮው አይሰማለትም፤ ቀኙን ሞተሩ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ያየ ሰው የታመመ ዘመድ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።

ባለፈው ሰሞን ከበላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። ጎማ የለም፣ ባትሪ የለም፤ ቀለም ግን በርሜል በርሜል ተላከልን። ካገባ ወር ያልሞላው አንድ ሹፌር አለ፣ ሙሽራው ነው የምንለው፤ በርሜሎቹን አይቶ «መኪኖቹንም ሊድሯቸው ነው» ብሎ አሳቀን። አውጥተን አጠብናቸው። ቀለም ነፊዎቹ ላያቸውን አረንጓዴ፣ ሥራቸውን ጥቁር ነፏቸው። ስንመልሳቸው የትኛዋ የት ቆማ እንደነበር ያሰበ ሰው የለም። መሪያቸው ላይ ጨርቃቸው አለ፣ ምን እናስባለን።

ሻምበሉ ሰልፉን ሊያይ መጣና ዓይኑ ጨርቆቹ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ እነዚህን ይልቀሙልኝ። የቁስለኛ ሰልፍ አስመሰሉት።»

«ቁስለኞች ናቸው እኮ ጌታዬ።»

«ነገ ግን ጤነኛ ሆነው ነው የሚቆሙት።»

«ጨርቁ ከወጣ የጎደለው ይጠፋብኛል።»

ሻምበሉ ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያስረዳው። «ዝግጁ አይደለንም ካልን፣ ለማይሠራ ክፍል ነዳጅ ምን ያደርግለታል ብለው ያለችንንም ይቆርጧታል። ዝግጁ ነን ካልን ደግሞ፣ ታዲያ መለዋወጫ ለምናችሁ ይሉናል። ከሁለቱ የቱን ልምረጥ? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔም ጨንቆኝ ነው።»

አጎቴ ራሱ እየዞረ ፈታቸው። አምስት ነበሩ። አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «ነገ ሲሄዱ እመልሳቸዋለሁ» አለኝ።

ጎብኚዎቹ መጡ፣ በሰልፉ መሀል አለፉ። አስነሱ ሲባል እኛ የመረጥናቸውን ነው ያስነሳነው። አንዱ ጣቱን ቀለሙ ላይ አንሸራቶ «እንዲህ ነው እንጂ» አለ። ከምሳ በፊት ሄዱ። አቧራቸው ሳይረጋ ስልክ ተደወለ፤ የሌላኛው ክፍል መኪኖች አልነሳ ብለዋል፣ ተራራው ሥር ያለው ጦር ውሃና ድንኳን ይፈልጋል፣ እናንተ ዝግጁ ናችሁ፣ ዛሬውኑ ውጡ። ሻምበሉ ስልኩን ከዘጋ በኋላ እጁን እላዩ ላይ እንደጫነ ሲቀር በመስኮት አየሁት።

መኪኖቹን እንደደረሰን ተከፋፍለን እየጫንን ሳለ አጎቴ ሮጦ መጣ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ከአምስቱ አራቱን ወዲያው አገኛቸው፤ ሞተሪኖ የሌላት አትነሳም፣ ዲናሞ የሌላት መብራቷ ይከዳል፣ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። አምስተኛዋ ናት ያስፈራችው። ከሷ የነቀለው የኋላ ፍሬኗን ጎሚኒ ነው። ጎሚኒ የፍሬኑን ዘይት አፍኖ የሚይዝ ትንሽ ላስቲክ ነው። ዘይቱ እንዳይፈስ ወደ ኋላ የሚሄደውን ቱቦ አጥፎ፣ ቀጥቅጦ ዘግቶታል። ባዶዋን ግቢ ውስጥ ስትነዳት በፊት ፍሬኗ ብቻ ቀጥ ትላለች፣ ምንም አትጠረጥርም። ሙሉ ጭነት ይዘህ ቁልቁለቱን ስትወርድ ግን ሌላ ነው። ቁልቁለቱን እናውቀዋለን። አንድ ጎኑ ገደል ነው።

«የትኛዋ ናት?» አልኩት።

«ዛፍ ሥር የነበረችው።»

ዛፍ ሥር ያለችው አሁን ሌላ ናት። ሰልፉን እያየ ቆመ። ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም አዲስ። ጉንጯ የተላጠች የለች፣ የተጫረች የለች።

«በል መጀመሪያ ያንተን» አለና ከኔ መኪና ሥር ገባ። ብዙም አልቆየም። አቧራውን ሳያራግፍ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ንጹህ ናት። እፎይ።» ከዛ ወደ ቀጣይዋ፣ ከዛ ወደ ቀጣይዋ። በጀርባው እየተንፏቀቀ ነው የሚገባው፤ በወጣ ቁጥር ጀርባው ላይ ጥቁር ቀለም ይጨምራል።

ሻምበሉ ሰዓቱን እያየ መጣ። «ጋሼ፣ መውጣት አለባቸው። ሹፌሮቹን ጠይቄያለሁ፣ ፍሬን ይይዛል።»

«ግቢ ውስጥማ ይይዛል ጌታዬ።»

«ስንት ቀረዎት?»

«አራት።»

«እታች ያሉት ልጆች ከትናንት ጀምሮ ውሃ የላቸውም። ቆዩ ልበላቸው?»

ይሄም እውነት ነው።

«ሞተር አስነሱ» አለን ሻምበሉ።

አስነሳን። ሙሽራው ከፊት ነው፣ እኔ ተከታዩ ነኝ። በሩ ጋ ስንደርስ አጎቴ ቀድሞናል። በሩን ዘግቶ ብረቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሯል።

ሙሽራው ቆመ። ጥሩምባ እንኳ አልነፋም። እኔም ቆምኩ። ከኋላዬ ሞተሮቹ በየተራ ሲጠፉ ይሰማኛል። አጥፉ ያለን ሰው የለም።

«ፍታው» አለ ሻምበሉ። አንቱታው ቀርቷል። «ትእዛዝ ነው የምታግደው፣ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል ጌታዬ። አራቱን ልይና እፈታዋለሁ።»

«ጡረታህን ነው የምታጣው።»

«እሱንም አስቤዋለሁ።»

ዘበኞቹ እንያዘው ወይ ብለው ሻምበሉን ያያሉ፣ ሻምበሉ ሰዓቱን ያያል። አጎቴ አንደኛዋ ሥር ገባ። ንጹህ። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም። ከአራተኛዋ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይቺም ንጹህ ናት» አለ።

ሙሽራው በመስኮት ብቅ ብሎ «እንግዲህ ጋሽ ጨርቁ፣ ቁስለኞችህ በቀለም ድነዋል፤ ልቀቀን» አለ። የሳቀለት የለም።

«ሁሉም ታየ» አለ ሻምበሉ። «በል ፍታው።»

አጎቴ ቋጠሮውን ያዘ። ሊፈታው ነው ስል ዞር ብሎ አየኝ። የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ ነው ያየኝ።

«ውረድ» አለኝ።

«የኔንማ አይተኸዋል እኮ።»

«አላየሁትም። እንዳትሆን እየለመንኩ ነው የገባሁት። ውረድ።»

ወረድኩ። ሥሯ ገብቶ ቢላ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ቀለሙን ሲፍቅ ይሰማኛል። ፍቆ ፍቆ ቆመ። ከውጭ የሚታዩኝ እግሮቹ ብቻ ናቸው። «ይኸው፣ የዘጋሁት ቱቦ» አለ ከሥር። ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ኮፍያውን አወለቀ።

አጎቴ ወጥቶ ከበሩ ላይ ጨርቁን ፈታና የኔ መሪ ላይ አሰረው። ከዛ በሩን ራሱ ከፈተላቸው። እኔን አላየኝም። እኔም ምን ብዬ ልየው፤ መኪናዬን ወደ ዳር አውጥቼ ለኋለኞቹ መንገድ ለቀቅኩ።

የጫንኩት ውሃ ነበር። ሌሎቹ ሞልተው ስለነበር የሚገለበጥበት ቦታ ጠፍቶ ግቢ ውስጥ ቀረ። የሄደው ውሃ እታች ላሉት እንዳልበቃ፣ ሁለት ልጆችም ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል እንደገቡ በኋላ ሰማን። ይሄን ለአጎቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። ምሳ እየበላ ነበር፣ እጁን ታጥቦ ተነሳ።

አሁን ከሥራ ታግዷል። ትእዛዝ አግደሃል፣ ቱቦም ያለ ፈቃድ ዘግተሃል ብለውታል። ሁለቱንም አድርጓል፣ አልካደም። ጡረታው ይሰጠው አይሰጠው የሚያውቅ የለም። ሻምበሉንም አዛውረውታል። አዲሱ አለቃ ጨርቅ ማሰር ከልክሎ የጎደለ ዕቃ በቅጽ ይሞላል አለ። ቅጹ ገና ታትሞ አልመጣም። ጥርስ መዋዋሱ ግን አንድ ቀንም አልቆመም።

ልጠይቀው ስሄድ ያቺ ግማሽ መጋረጃ ሥር ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ስለ ክሱ አያነሳም። «ዛፍ ሥር አሁን ማናት ያለችው?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። አንገቱን ይነቀንቃል፤ ያመነኝ ግን አይመስለኝም። ባለፈው ስወጣ ሚስቱ በር ድረስ ሸኝታኝ፣ ከመጋረጃው የቀደደችውን ቁራጭ እጄ ውስጥ ጨበጥ አደረገችልኝ።

«አንቺ ራስሽ ቀደድሽው?» አልኳት።

«ከእንግዲህ ይሄ መስኮት ምን ይደብቃል ልጄ። ያዘው።»

ዛሬ መኪናህ ተሠርታለች ተባልኩ። ነገ ጠዋት ሙሉ ጭነት ይዤ በዛው ቁልቁለት እወርዳለሁ። ሥሯ ገብቼ አየሁ። ቱቦው ተቀይሯል፣ ጎሚኒውም ገብቷል አሉኝ፣ ፍሬኗ ጥሩ ይይዛል። አዲሱን መካኒክ ከየትኛዋ እንደነቀለው ጠየቅኩት።

«ከአንዷ ነዋ» አለኝ፣ እጁን እየጠረገ።

ሰልፉን ዞሬ አየሁት። ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ጨርቁ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የትኛዋ መሪ ላይ እንደማስረው ነው ያጣሁት።