የአባቴ ሳንቲም ጠርዝ

አዘዞ መንገድ ዳር፣ ያረጀ ብረት በአሲድ አጥበው አዲስ ልባጥ በሚያለብሱበት ወርክሾፕ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ሽታው አፍንጫዬን ሲሰነጥቀው የአጎቴ የአያ ሙላት ኮት ትዝ ይለኛል፤ ደሜ ይፈላል።

አባቴ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበር። ጎንደር ሲማር ያስተማረው አሜሪካዊ ሐኪም፣ በዓለም ጦርነት ጊዜ መዳብ አጥሮ በብረት የተሠራች የአገሩን ሳንቲም ሰጥቶት ነበር። ክረምት ክረምት፣ ዝናቡ ቁስቋም ያለውን ቤታችንን ሲደበድበው፣ አባቴ አጠገቡ አስቀምጦኝ ሳንቲሟን እያገላበጠ፣ «አየሽ፣ ፊትና ጀርባዋ ዚንክ ለብሷል፤ ጠርዟ ግን ከተለበጠች በኋላ ስለተቆረጠች ባዶ ብረት ነው» ይለኝ ነበር። ጠርዟ ጠቁሮ፣ ፊቷም እዚህም እዚያም ዝጎ ነበር፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ፈትጓት አያውቅም።

በበጋው ትክል ድንጋይ ከተማ ወረርሽኝ ገባና ሊያክም ሄዶ ሬሳው መጣ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሳንቲሟን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትውል ነበር።

መስከረም ሲጠባ የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ ሙላት «ለሚያውቅ ሰው ላሳያት» ብሎ ወሰዳት፣ አደይ አበባው ሲረግፍም መለሳት። እንደ መስታወት ታበራለች፤ ኮቱ አሲድ አሲድ ይሸታል። እናቴ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አገላበጠቻት፤ ዝገቱ የበላው ጉድጓድ ከአዲሱ ልባጥ ስር እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ይታያል፣ ፊደሎቹ ደንዝዘዋል፣ ጠርዟም ዙሪያውን ነጥቷል።

«ምነው ሙላት? አስለበጥካት?»

«ቁስቋምን! እጄን አላሳረፍኩባትም። ሐዘኑ ነው አእምሮሽን የነካው።»

ኋላ እንደሰማነው፣ ያልተነካች ናት ብሎ ለቱሪስት ሊሸጣት ነበር፤ ሰውየው ግን ጠርዟን አይቶ መልሶ ወረወረለት።

እናቴ ያደረገውን በየደረሰችበት ስትናገር፣ ስሜ ጠፋ ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። የጥምቀት ሰሞን ግቢያችን ተቀመጡ። እናቴ ሳንቲሟን በመዳፏ ዘርግታ «ጠርዟን ብቻ እዩልኝ» ስትል አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም። «ለአንዲት ቁራጭ ብረት የባልሽን ወንድም ስም ታጠፊያለሽ?» አሏት። ፈረዱባትም። ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ፣ አጎንብሳ፣ ሌባውን ይቅርታ ጠየቀች። እሱ ደግሞ እንደ ተበዳይ ብድግ ብሎ ድንጋዩን አወረደላትና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። እናቴ ምን አጥፍታ? አንገቷ ላይ የቀረውን ሰንበር በቅቤ ያሸሁት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ አያ ሙላት ከቤት ሲገባ እኛ ልጆች ከተቀመጥንበት ተነስተን ጉልበቱን እንስም ነበር። ዛሬ እናቴ የለችም፣ እሱ ሸብቶ በተራው ሽማግሌ ሆኗል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሰውም ያከብረዋል። አሁንም ሲገባ እነሳለሁ። ተነስቼ እወጣለሁ።