የሹራቡ ቀለም በሁለት ካርድ

በዚያ ክረምት ሥራዬ ሹራብ መነገድ መሆኑ ቀርቶ ማሽን መለማመጥ ሆነ። ጥራቮሎ ሰፈር ላለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ሹራብ ላቀርብ ተስማምቻለሁ። ያንን ደንበኛ ለማግኘት ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ። ትምህርት ሲከፈት ሹራቡ ካልደረሰ፣ ወይም ያላሉትን ቀለም ይዤ ከሄድኩ፣ በሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ነጋዴ አለ።

ሹራቡን የሚሠራልኝ ፋብሪካ ደግሞ ልክ በዚያ ሰሞን ኮምፒዩተር አስገባ። ለሹራብ ሠሪዎቹ የሚወርደውን የሥራ ትእዛዝ ከእንግዲህ እሱ ያትማል ተባለ፤ መሞከሪያው የእኔ ትእዛዝ እንዲሆን ማን እንደወሰነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ፕሮግራሙን የሚጽፈውን ሰው የሒሳብ ዲፕሎማ ስላለው ሁላችንም በጣሊያንኛው «ራጆኔሬ» እንለዋለን። ጎበዝ ነው፤ ችግሩ ጎበዝ መሆኑን ማወቁ ነው። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ፕሮግራሙን መነካካት ሲሰለቸው አንድ ዘዴ ፈጠረ። ቀለሙ፣ አንገቱ፣ ልኩ እያንዳንዱ ማሽኑ በቀዳዳ በሚያነበው በየራሱ ካርድ ላይ ይበሳል፦ በግራ ስሙ፣ መሐል የእኩል ምልክት፣ በቀኝ የተፈለገው። «ኮሎሬ = ብሉ»፣ ቀለሙ ሰማያዊ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ካርዶቹን አንብቦ ትእዛዙን ይሞላል፣ አለቀ።

«ሞክረኸዋል?» አልኩት።

«ሃያ ጊዜ፣ አያ። አንዴም አልሳተ።»

«ካርዱን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«እንግዲያው የሞከርከው ራስህን ነው። የትእዛዙን ቅጽ ለወይዘሮ ስጣቸው።»

ወይዘሮ የምንላቸው የጽሕፈት ክፍሉን ኃላፊ ነው። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ የቢሮው ሥራ ሁሉ አማርኛ ሲሆን መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተዋል። እኔ ከገበያ የለቃቀምኩትን አማርኛ እሳቸው አሳምረው ይጽፉታል። ቁጥርና ቀን የሌለው፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» የማይል ወረቀት በእሳቸው ዘንድ ወረቀት አይደለም። የትእዛዜን ቅጽ ሞሉ። ካርድ የምትበሳው ሠራተኛ ያየችውን ሁሉ ሳታስቀር፣ «ለሚመለከተው ሁሉ»ን በላቲን ፊደል ሳይቀር፣ በሳችው። ማሽኑ የመጀመሪያውን ካርድ ነክሶ ቆመ።

«ለማሽን ሰላምታ ይጻፋል እንዴ?» አለ ራጆኔሬ ጭንቅላቱን ይዞ።

«ካንተ ይልቅ ለእሱ ይገባዋል» አሉ ወይዘሮ፣ «እሱ አይጮህብኝም።»

የእኩል ምልክት የሌለውን ካርድ እንዲዘል አደረገው። ማሽኑ ተንጫጫ፣ ትእዛዙ ታትሞ ወጣ። ግራጫ! ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ግራጫ ብሎ ኋላ ወደ ሰማያዊ ለውጧል። ወይዘሮ ቅጹ ላይ ላይኛውን ግራጫ እንዳለ ትተው፣ ከግርጌ «ሰማያዊ» የሚል ሌላ መስመር ጨምረው ፈርመውበታል፤ ከሁለቱ መስመር ሁለት የቀለም ካርድ ወጥቷል።

«ግራጫውን ለምን አይሰርዙትም?» አልኳቸው።

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ከእጄ አይወጣም። የታችኛው የላይኛውን ይሽራል። ይህን የማያውቅ ማነው?»

ማሽኑ አያውቅም። ራጆኔሬ የጻፈለት የመጀመሪያውን ይዞ የቀረውን ዝም ብሎ እንዲጥል ነው። ቅጹ አማርኛ፣ ካርዱ ጣሊያንኛ፣ የዚያን ቀን ስድብ ደግሞ ትግርኛ ነበር።

በማግስቱ የመጨረሻው ካርድ እንዲጸና አደረገ። ሰማያዊ ወጣ። እሱ ደስ ብሎት እጁን ሲያፋትግ እኔ ካርዶቹን አንስቼ ቡና ቤት ስኮፓ የሚባለውን ካርታ ስንጫወት እንደማደርገው በወዝኳቸው።

«እንታይ ትገብር ኣለኻ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ካርዶቹ በሰው እጅ አይደል የሚሄዱት? አንድ ቀን መሬት ይበተናሉ። የሚለቅማቸው ሰው የትኛው ቀድሞ እንደተጻፈ በምን ያውቃል?»

አስገባናቸው። ግራጫ።

ራጆኔሬ ወንበሩ ላይ ተዘረረ። «የፊቱም አይሆን፣ የኋላውም አይሆን! ታዲያ ምን ላድርግህ?»

«እኔ አንዱ ደንበኛ ሁለት ነገር ቢነግረኝ አልገምትም፤ እጠይቃለሁ። ማሽኑም ቆሞ ይጠይቅ።»

ሦስት ቀን ፈጀበት። አሁን የማይስማሙ ሁለት ካርዶች ሲያገኝ ማሽኑ ሁለቱንም አትሞ ይቆማል። ቆመም፤ በእኔው ትእዛዝ ላይ። ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጥራቮሎ ድረስ በእግሬ ሄጄ ዳይሬክተሩን «ሰማያዊ» አሰኝቼ፣ አስፈርሜ መጣሁ። ወይዘሮ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው ከቅጹ ግርጌ «ሰማያዊ» የሚል ሦስተኛ መስመር ጨመሩ።

ማሽኑ ሦስቱንም አትሞ ቆመ።

ራጆኔሬም እኔም አልጮህንም፤ ጩኸቱ አልቆብን ነበር። ባዶ ቅጽ ፈልጌ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ።

«ወይዘሮ፣ ይኸው ስርዝም ድልዝም የሌለው። አዲስ ቁጥር ይስጡትና ሰማያዊውን ብቻ ይገልብጡልኝ።»

«አዲስ ቁጥር ከሆነማ የድሮው ይዘጋል» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ብትለኝ ኖሮ እስካሁን ሹራቡ ባለቀ።»

ትእዛዙ ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ ማንንም ሳላምን ራሴ ይዤው ወደ ሹራብ ሠሪዎቹ ወረድኩ፤ ሰማያዊው ክር ተስቦ ሥራው እስኪጀመርም ከአጠገባቸው አልተነቃነቅሁም።