ምግብ የፈራችው እሜቴ

ሴትዮዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ ሃያ አራት ዓመት ሆኗታል። የሥራ ክፍሏ መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ምድር ቤት ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ መደርደሪያው ላይ በረድፍ የተቀመጡ የጄሶ መንጋጋዎች። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው ሁሉም የሚስቁበት ይመስለውና ትንሽ ይደነግጣል። እሷ ግን ሰፈሩን የምታውቀው በመንጋጋው ነው። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላት ስሙ ይጠፋባታል፤ ፈገግ ሲልላት ግን "አሃ፣ በግራ በኩል ብቻ የሚያኝኩት ሰውዬ" ትላለች በሆዷ።

ከሥራ ክፍሏ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ከአባቷና ከድመቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው በር ሲያንኳኩ ኖረው ጡረታ ቢወጡም እግራቸው ጡረታውን አልቀበል ስላለ፣ እስካሁን ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን ሳይዞሩ አረፍ አይሉም። ድመቷ ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ገና ግልገል ሳለች በተከፈተ መስኮት ገብታ ጄሶ ከረጢት ውስጥ ተኝታ ተገኘች። ስትወጣ ከጅራቷ ጫፍ በቀር ነጭ በነጭ ነበረች፤ መላዋ ግራጫ መሆኗ የታወቀው ታጥባ ስትደርቅ ነው። ቤቱን ከቅድመ አያቷ የወረሰችው ይመስል እየተጎማለለች ስለምትሄድ አባትየው እሜቴ አሏት፣ ስሟም በዚያው ጸና። እንደ ስሟም አንቱ ነው የሚሏት። "እሜቴ፣ ወንበሬን ቢለቁልኝ?" ይሏታል። እሜቴ ለቅቃላቸው አታውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት እሜቴ ዓሣዋን አሸተተችና ሳትነካው ሄደች። ጥርስ ሠሪዋ ነገሬ አላለችውም። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕ ጠዋት ሳህኑ ሳይነካ ሲያዩት አባትየው፣

"እሜቴ ዛሬም ምግቡ አልጣማቸውም?" አሉ።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ቀልድ አይደለም። ጎኗን እየው እስቲ፣ አጥንቷ ይቆጠራል።"

"አርጅተዋል ልጄ። ያረጀ ምን ሆድ አለው ብለሽ ነው?"

ጥርስ ሠሪዋ አልተዋጠላትም። የዚያኑ ዕለት እሜቴን በቅርጫት ይዛት ሄደች። የእንስሳት ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ የምታወራ፣ እጇም እንደ ንግግሯ ቀስ የሚል። ደም ወሰደች፣ ሆዷን ዳበሰች፣ መጨረሻ ላይ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ በባትሪ አየች።

"ኩላሊቷ ትንሽ ደክሟል፣ ለዕድሜዋ ግን አይከፋም። ጉዱ ያለው እዚህ ነው" አለች።

ጥርስ ሠሪዋ ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ከኋላ ያሉ ሦስት ጥርሶች ሥራቸው በስብሶ ድዱ ቀልቷል። ፊቷ በሐፍረት ጋለ። የሰፈሩን ሰው አፍ ስታይ እየዋለች፣ በየቀኑ ጭኗ ላይ የምትተኛውን ድመት አፍ አንድ ቀን እንኳ ገልጣ አለማየቷ አንገበገባት።

"አይፈረድብዎትም" አለቻት ሐኪሟ። "ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። እስከምትችለው ድረስ ችላ፣ ሲብስባት ነው የሚታወቅባት።"

በማግስቱ ሦስቱም ጥርሶች ተነቀሉ። ድዱ እስኪሽር ድረስ ጥርስ ሠሪዋ ሐኪሟ ባሳየቻት መሠረት የላመ ምግብ መርፌ በሌለው ስሪንጋ እየሞላች በከንፈሯ ጥግ ትሰጣት ነበር። እሜቴ ይህን ውርደት ዓይኗን ጨፍና ተቀበለች። ከሳምንት በኋላ ቁስሉ ጠገገ። "አሁን የሚያማት ነገር የለም፣ በራሷ መብላት ትጀምራለች" ተባለ።

አልጀመረችም።

ጥርስ ሠሪዋ ደግማ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ምግቡ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ነው የሚቀርብላት? አዎ። ሳህኑ ጎድጓዳ ነው? አዎ። ለኩላሊቷ ያዘዝኩላትን መድኃኒትስ በምንድን ነው የምትሰጪያት? ብላ ልትጠይቅ ስትል አንደበቷን አርማ "የሚሰጧት?" አለች።

"ዓሣው ውስጥ ደብቄ።"

"እሱን ይተዉት። አንዴ ዓሣው መረረኝ ካለች ዓሣን በሙሉ ትጠላለች። መድኃኒቱን ለብቻው፣ ምግቡን ለብቻው። ድመት መጀመሪያ የምትበላው በአፍንጫዋ ነው፤ ስታረጅ ደግሞ አፍንጫዋም ይደክማል። ሞቅ ያድርጉላት፣ ሽታው ይነሣ። ሳህኑ ዝርግ ይሁን፣ ጢሟን አይንካት። ከወለሉም ከፍ ይበል፣ አንገቷን ማጎንበስ ያደክማታል። ደግሞ አያስገድዷት።"

ጥርስ ሠሪዋ ነገር ከያዘች ለቅቃ አታውቅም። ከጄሶ መቆሚያ ቀርጻ ዝርግ ሳህን አስቀመጠችበት። ዓሣውን በሙቅ ውሃ ላይ አሞቀችው፤ ሙቀቱንም እንደ ጡጦ ወተት በእጅ አንጓዋ ላይ ለካችው። ከዚያ እሜቴ የምታደርገውን ለማየት ወለሉ ላይ በደረቷ ተኛች።

እሜቴ መጣች። አፍንጫዋ ተንቀጠቀጠ። ምራቋን ዋጠች። ምላሷን ዘርግታ ዓሣውን ልትነካ ጥቂት ሲቀራት ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገች። እንደገና ተጠጋች፣ እንደገና ሸሸች። በመጨረሻ ፊቷን አዙራ ቁም ሳጥኑ ሥር ገባች።

ይቺ ድመት ርቧታል፤ ዓሣውንም ወዳዋለች። የፈራችው አፏን ነው። ጥርስ ሠሪዋ ይህን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ጥርሱ ተነቅሎ ድዱ ከዳነ በኋላ እንኳ ለወራት በአንድ በኩል የሚያኝክ ሰው ስንቱን አይታለች።

ከወለሉ ሳትነሣ ቀና ስትል አባቷ ቁርስ ላይ ናቸው። ዳቦውን በትንንሹ ቆርሰው ሻይ ውስጥ ነከሩ። አፋቸው ውስጥ ሲያስገቡ አንድ ዓይናቸው ጠበብ አለ። ወደ ቀኝ አዞሩት፣ ወደ ግራ መለሱት፣ ሳያኝኩ ዋጡት። ከዚያ የዳቦውን ቅርፊት እንዳለ በወረቀት ጠቀለሉና "ጠገብኩ" ብለው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ሁልጊዜ ለርግቦች ነው የሚሉት። እሷም ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴ ርግብ ይወዳል እያለች ለሰው ታወራ ነበር።

ጥርሳቸውን የሠራችላቸው ልክ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው።

"አባዬ፣ ጥርስህ ያምሃል እንዴ?"

"የምን ሕመም? ደህና ነኝ።"

"አውልቀህ ስጠኝ እስቲ።"

"ልወጣ ስል?"

"አባዬ።"

ኮታቸውን መልሰው ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉ። ጀርባቸውን ሰጥተው አወለቁትና በመሐረብ ጠቅልለው አቀበሏት። አፋቸውን ገልጣ ስታይ ከታች በቀኝ በኩል ድዳቸው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ቁስል አለች። አዲስ አይደለችም። ስትድን፣ ስትቆስል የኖረች ናት።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"መጀመሪያ ይለምድልኛል ብዬ ነበር" አሉ፤ ጥርስ ስለሌላቸው ቃሉ ሁሉ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። "ከዚያ ለመናገር ረፈደብኝ። ሰው ሁሉ 'ልጅህ ናት የሠራችልህ?' ሲለኝ አፌን ከፍቼ ነው የማሳየው። እንዴት ብዬ ነው ያመኛል የምለው?"

ከሠራቻቸው ጥርሶች ሁሉ ያ ያማረ ነው ብላ ትኮራበት ነበር። ሥራ ያለባት ሰው ስለሆነች ግን ለማልቀስ አልተቀመጠችም። ቀለም በሚለቅ እርሳስ ቁስሉን ዙሪያውን ነካ አደረገችው፣ ጥርሱን አስገብታ መልሳ አወጣችው። ቀለሙ የት እንዳረፈ አይታ ጥርሱን ይዛ ወደ ምድር ቤት ወረደች። የሚሞረደው ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም ነበር። ያ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷን ከገበታ ሲያስነሣ የኖረው።

ቁስሉ እስኪሽር ያለ ጥርስ እንዲቆዩ አዘዘቻቸው። ለምሳ ዓሣ ቀቅላ በሹካ ደቀቅ አድርጋ አቀረበችላቸው፤ ከዚያው ላይ ለእሜቴም አስቀመጠችላት። ሥራ ይጠብቃት ስለነበር ትታቸው ወረደች።

ስትመለስ አባትየው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ከታጠፈ ቀላል እንደማይዘረጋ ስለምታውቅ ወድቀው መስሏት ደነገጠች። ልብ ብላ ስታይ ግን ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይበላሉ። አንድ ጉርሻ ለራሳቸው ያነሣሉ፤ ከዚያ የጣታቸውን ጫፍ ዓሣው ላይ ነከር አድርገው እሜቴ ፊት ይዘረጋሉ። ጣቱ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እሜቴ ታሸታለች፣ ትሸሻለች፣ ትመለሳለች።

"አይዞዎት" ይሏታል በዝግታ። "እኔም ፈርቼ ነበር። ዛሬ ግን ይኸው ምንም የለም።"

እሜቴ ጣታቸውን ላሰች። ቆም አለች፤ የሚመጣውን ሕመም የምትጠብቅ ትመስል ነበር። አልመጣም። ደግማ ላሰች። አባትየው ቀና ሲሉ ልጃቸው በር ላይ ቆማለች። በዓይናቸው ብቻ "እንዳትጠጊ" አሏት። እሷም ባለችበት ቀረች።

የመጀመሪያው ቀን በጣት አለፈ። በሁለተኛው ቀን በመዳፍ ሆነ። በአራተኛው ቀን እሜቴ ከዝርጉ ሳህን ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ሳህኑ ላይ ትን ሊላት ምንም አልቀራትም፤ ከችኮላዋ የተነሣ። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ጥቂት በቀን አምስት ጊዜ ይቀርብላት ጀመር። ጥርስ ሠሪዋ ጄሶ በምትመዝንበት ሚዛን ላይ በየሳምንቱ ታስቀምጣታለች። እሜቴ ሚዛን ላይ መቀመጥ ስለማትወድ ግን ቁጥሩ ከመርጋቱ በፊት ትወርዳለች።

የአባትየውም ድድ ዳነ። ጥርሳቸውን መልሰው ያደረጉ ቀን ዳቦውን ከነቅርፊቱ ያኝኩት ጀመር፤ ድምፁ እስከ ምድር ቤት ይሰማ ነበር። ርግቦቹ ለትንሽ ጊዜ ኮታቸውን ተከትለው ሰፈሩን ከዞሩ በኋላ ተስፋ ቆረጡ።

ጥርስ ሠሪዋ ከዚያ ወዲህ ጥርስ ለሚያሠራ ሰው "ተስማማዎት?" ብላ መጠየቅ ትታለች። ሁሉም አዎ ነው የሚላት። መሳቢያዋ ውስጥ ዳቦ ታስቀምጥና "እስቲ ይቺን ይብሉልኝ" ትላለች፤ ዓይናቸውንም ታያለች።

ከሁለት ወር በኋላ እሜቴን ሐኪሟ ዘንድ የወሰዷት አባትየው ናቸው። ሐኪሟ መዘነቻት፣ አፏን አየች፣ ደስ አላት።

"በጣም ጥሩ ነው አባባ። ማን ነው የሚያበላት?"

"ራሳቸው ናቸው የሚበሉት" አሉ፣ የቅርጫቱን ክዳን እየከፈቱ። "እኔ አብሬያቸው እቀመጣለሁ እንጂ።"