ከሙሽሪት ደጅ ሊመለስ የነበረው የኪራይ መኪና

ላቫጆ ሥራ የገባሁት ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ከቀወት ገጠር ሸዋ ሮቢት በመጣሁ ሰሞን ነው። የላቫጆው ባለቤት ጋሼ ካሳ እግሬን የሚያክል ቦቲ አጥተው ትልቅ ሰጡኝ። ሁለት ባልዲና ሁለት ስፖንጅም ፊቴ አስቀመጡ።

«ይሄ ለጎማ፣ ያኛው ለአካሉ። የጎማውን ስፖንጅ ኮፈን ላይ ብታሳርፊ አሸዋው ቀለሙን ይቧጭረዋል። ገባሽ?»

«እሺ» አልኩ።

ቀኑን ሙሉ ከዚያ ቃል ሌላ አልወጣኝም። ማታ ስንዘጋ ጋሼ ካሳ «ይቺ ልጅ ምላሷን አገር ቤት ረስታው ነው የመጣችው» ብለው ሁሉንም አሳቁብኝ።

ሥራው ደረጃ አለው። ጀማሪ ጎማ ታጥባለች። ቀጥሎ አካል፣ ከዚያ ምንጣፍና ወንበር ይመጣል። አካል የሚታጠበው ከጣራ ወደ ታች ነው፤ በሮቢት ፀሐይ ሳሙና ቶሎ ስለሚደርቅ ሙሉውን ለቅልቆ መሄድ የለም፤ ሳሙና የቀቡትን ወዲያው በውሃ ማጠብ ነው። ከሁሉ በላይ ያለው የሙሽራ መኪና ማስጌጥ ነው። እኔ እዚያ የደረስኩት ሥራ በገባሁ በሁለት ዓመቴ ነው። ሪቫን ማሰር ንግግር ስለማይጠይቅ ወደድኩት።

ከአዲስ አበባ መኪና ተከራይተው ራሳቸው እየነዱ የሚመጡ ፈረንጆችም ደንበኞቻችን ነበሩ። ከሌላው ደንበኛ የሚለዩት መኪናው የራሳቸው ስላልሆነ ነው። ከመታጠቡ በፊትም በኋላም እየዞሩ እያንዳንዷን ጭረት በስልክ ያነሳሉ። አንዱ ከጀውሃ ከተማ መውጫ አስፋልቱ ላይ የተደረደረ ድንጋይና ቅጠል አይቶ፣ በጎ ሥራ መስሎት ወርዶ ሲለቅም፣ ፊት ለፊት መኪናው የተበላሸበት ሾፌር «ምልክቴን! ምልክቴን!» እያለ ሮጦ ያዘው። ጋሼ ካሳ ይህን ሲያወሩ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር። ለሚቀጥለው ፈረንጅ ድንጋዩ ምን ማለት እንደሆነ እንንገረው ብለን ግን አላሰብንም።

አንድ እሁድ ጠዋት የቶማስን ነጭ መኪና እያጠብኩ ነበር። ቶማስ ረጅም፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ ፈረንጅ ነው፤ ለብቻው እየነዳ ወደ ሰሜን የሚሄድ። ያን ጊዜ ታደሰ የሚባል ሚዜ ሱፉን እንደለበሰ እየሮጠ ገባ።

«ጋሼ ካሳ፣ አለቀልን! የሙሽራው መኪና ወደዚህ ሲመጣ ደብረ ሲና ላይ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ።»

ሙሽራው መላኩ የከተማችን ባጃጅ ነጂ ነው። ሙሽሪት ያለችው ደግሞ እኔ የተወለድኩበት መንደር ነው።

«በራሱ ባጃጅ አትሄዱም?» አሉት ጋሼ ካሳ።

«የሙሽሪት አባት በስንት ሽማግሌ እኮ ነው እሺ ያሉት! ‹የከተማ ልጅ ይንቀናል› ነው የሚሉት። በባጃጅ ብንሄድ፣ ወይ ብናረፍድ፣ ንቀውናል ብለው ልጃቸውን ያስቀሯታል።»

ጋሼ ካሳ ዞር ብለው ነጩን መኪና አዩት። ድሮ መንገድ ሥራ ካምፕ ሲሠሩ በለቀሟት እንግሊዝኛ፣ የጎደለውን በእጃቸው እየሞሉ ቶማስን ለመኑት። ቶማስ ሳቀና እሺ አለ። ሁለት ነገር ግን አስጠነቀቀ፦ የኪራይ ውሉ ስለማይፈቅድ ከሱ በቀር መሪ የሚይዝ የለም፤ ቀለሙን እንዳይልጠው ፕላስተርም አይለጠፍም።

ኮፈኑን ከፍቼ የሪቫኑን ጫፎች ከውስጥ አሳለፍኩና መልሼ ዘጋሁት። የቀረውን በስፖኪዮና በበር እጀታ አሰርኩ። አበባውን መስኮት ላይ አስይዤ መስታወቱን አጠበቅኩበት። አንድም ነገር አልተለጠፈም።

«አንቺ ነሽ የምትመሪው» አሉኝ ጋሼ ካሳ። «መንገዱ የአገርሽ ነው።»

«እኔ? ጋሼ፣ እንግሊዝኛ...»

«ግራና ቀኝ ተምረሽ የለ? ከዚያ በላይ ምን ልታወሪው ነው?»

ከፊት ተቀመጥኩ። መላኩን ከቤቱ አነሳነው፤ እሱና ታደሰ ከኋላ ሆኑ፤ አጃቢዎቹ በሦስት ባጃጅ ተከተሉን። በማሽላው መሀል ያለውን አቧራማ መንገድ «ሌፍት»፣ «ራይት» እያልኩ አሳለፍኩት። ቶማስ ለአህያ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ታደሰ «ይሄ ሰውዬ ለአህያ እጅ ሊነሳ ነው እንዴ?» ይላል። መላኩ ሙሽራ ነውና አቀርቅሮ ተቀምጧል።

ደጁ ጋ ስንደርስ የሙሽሪት ጓደኞች ክንድ ለክንድ ተያይዘው መግቢያውን ዘግተው ነበር። እንደ ደንቡ «አናስገባም» እያሉ ይጨፍራሉ፤ አቧራው ይጨሳል፤ ከኋላቸው ወንዶቹ ዱላ ይዘው ይዘላሉ። ለእኛ ሠርግ ነው። ቶማስ ያየው ግን መንገድ የዘጋ ሕዝብና ዱላ ነው። መኪናውን ሲያከራዩት፣ ሰው መንገድ ከዘጋ ሳትሟገት ዞረህ ተመለስ ብለውት ነበር። ይህን በኋላ ነው ለጋሼ ካሳ የነገራቸው።

የኋላ ማርሽ አስገባና መኪናው ወደ ኋላ ተወረወረ። ባጃጆቹ ማሽላ ውስጥ ገቡ።

«ኧረ ሰውዬ! ወደ ፊት! ወደ ፊት እኮ ነው!» አለ ታደሰ። ቶማስ አማርኛ የት ያውቃል፤ ጩኸቱ ይብስ አስደነገጠው። መሪውን ለመዞር ጠመዘዘ። ጭፈራው ቀጥ አለ። የሙሽሪት አባት ጋሽ አስፋው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ወደ ደጅ ወጡ።

«ሙሽራው ሊመለስ ነው?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። መላኩ ቀና አለና በመስታወቱ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስቶፕ!» አልኩ። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ቶማስ ፍሬኑን ረገጠ።

ከዚያ በላይ እንግሊዝኛ አልነበረኝም። በሩን ከፍቼ ወረድኩና ሮጬ የልጃገረዶቹ ሰልፍ ውስጥ ገባሁ። በሁለቱም በኩል ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ጨፍሩ! ፈረንጁ ጠብ መስሎት ነው! ጨፍሩ!»

አንዷ ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ ጭፈራው ተነሳ። እኔም ከነቦቲዬ እየጨፈርኩ፣ እየሳቅሁ ለቶማስ ና ብዬ ምልክት ሰጠሁት። መሪው ላይ ተደፍቶ ጥቂት አየን። ቀስ ብሎ ወደ ፊት መጣና ከኛ ክንድ ርቀት ላይ ቆመ። ታደሰ ወርዶ ሽቶ ረጨብን፤ ሰልፉ ተከፈተ።

የጋሽ አስፋው ፊት ግን ገና አልተፈታም። በቶማስ መስኮት ጎንበስ አሉ።

«እኔ የፈራሁት የከተማው ልጅ እንዳይንቀኝ ነበር። ሾፌሩ ደግሞ ፈርቶኝ ሊሞት!» አሉና ሳቁ። «አውርዱት። ሸሽቷልና ሳይለምን አይገባም።»

«አስገቡኝ» የሚለውን ቃል በጆሮው ነገርኩት። ደጁ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ አበላሽቶ በአራተኛው አለው። ከሙሽራው ይልቅ ለሱ ነበር እልልታው።

ሠርገኛውን አድርሰን ላቫጆ ስንመለስ ጋሼ ካሳ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል።

«ስቶፕ አልሽው አሉ?»

«አዎ።»

«ጮክ ብለሽ?»

«ጮክ ብዬ።»

«እዚህ አልተሰማም» አሉና ሪቫኑን መፍታት ጀመሩ። ቶማስ መኪናውን ዞሮ ፎቶ አነሳ። አዲስ ጭረት አልነበረም።

አሁን የኪራይ መኪና ሲመጣ ውሃ ከመክፈቴ በፊት ወዴት እንደሚሄዱ እጠይቃለሁ። አስፋልት ላይ ድንጋይና ቅጠል ካዩ ከፊት የቆመ መኪና እንዳለ፣ በሠርግ ወር ደጅ የሚዘጉ ልጃገረዶች ለጭፈራ እንጂ ለጠብ እንዳልቆሙ ባለኝ ቃልና በእጄ አስረዳለሁ። አሁንም አፍራለሁ። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሾፌር ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም። ስለዚህ መንገዱን የሚያውቀው ሰው ቀድሞ ይንገረው።