የሁዳዴ ስፌት

ኤልዳና ደም አይታ አልደነገጠችም፣ ሬሳ አይታም አልሸሸችም። እንቅልፍ የነሳት አንድ ቋጠሮ ነው። ካይሮ መጥታ ቀዶ ሕክምና መማር ከጀመረች አምስት ወሯ። መሣሪያውን ሁሉ በስሙ ትጠራለች፤ መርፌ መያዣውን፣ ወረንጦውን፣ መቀሱን ዓይኗን ጨፍና ከትሪው ላይ ታነሳለች። ምን ዋጋ አለው! የቋጠረችው ይፈታል። አስተማሪዋ ዶክተር ሐዚም በጣቱ ሳብ ሲያደርገው ክሩ ሸርተት ብሎ ይወጣል።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም» ይላታል፤ «በሽተኛሽ አስነጠሰና አንጀቱ ወጣ።»

ከፋሲካ በኋላ ባለችው ማክሰኞ ፈተና አለ። ከወደቀች ከቀዶ ሕክምና ትወጣለች፤ በቃ፣ ሌላ ክፍል ትመደባለች። መላውን የነገራት ራሱ ዶክተሩ ነው፦ የበሬ እግር ግዢ፣ ቆዳውን ሰንጥቀሽ መልሰሽ ስፊ። ለሱ ምን ቸገረው! ሁዳዴ መግባቱን ማን ይንገረው?

ኤልዳና የምትኖረው ማዓዲ ሰፈር፣ ከእትዬ ውብአለም ጋር ነው። እትዬ ውብአለም ሰው ቤት ተመላላሽ ሆነው ሲሠሩ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ለኤልዳና እናት «ልጅሽን በሃይማኖቷ አኖራታለሁ» ብለው ቃል ገብተዋል። ቅቤ የነካ ማንኪያ ሦስት ጊዜ የሚያጥቡ ሴት አንድ ቀን ማቀዝቀዣውን ቢከፍቱ፣ ሰኮናው ወደሳቸው የዞረ እግር!

«በስመ አብ! አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ልለማመድበት ነው፣ እትዬ። አልበላውም፣ እሰፋዋለሁ እንጂ!»

«የሞተ በሬ እግር ሰፍተሽ የት ሊሄድልሽ ነው? በሁዳዴ ሥጋ የነካ እጅ ያው የበላ እጅ ነው! ለእናትሽ ምን ልበላት?»

ኤልዳና አለቀሰች። ፈተናውን፣ ከወደቀች የሚመጣባትን ሁሉ ነገረቻቸው። እትዬ ውብአለም እንባ አይችሉም፤ «ኸላስ፣ በቃ» አሉ በመጨረሻ። እግሩ በላስቲክ ታስሮ ከሽሮው ይርቃል። ልጅቷ ስትጨርስ እጇን በሎሚ ትታጠባለች። እሳቸው ደግሞ አያዩም።

አያዩም ማለት እንግዲህ፣ ወንበራቸውን አዙረው የአሠሪያቸውን አረንጓዴ መጋረጃ እየዘመዘሙ፣ በየደቂቃው ወደ ኋላ ይዞራሉ ማለት ነው። መርፌ ይዘው ያደጉ ሴት ናቸውና አያስችላቸውም።

«አንዱን ጫፍ ብቻ ትጎትቻለሽ! አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ ነው። እኔ አላይም እንጂ፣ ባይ ኖሮማ ሁለተኛውን ዙር በተቃራኒው አዙሪው እል ነበር።»

ኤልዳና፣ ያው ዶክተሯ፣ እንደለመደችው ቋጠረች። መጋረጃ ዘምዛሚ ምን ያውቃል!

ፋሲካ ደረሰ። ሥጋ መጣል ነውር ነውና በየሳምንቱ ከምትገዛው የመጨረሻው እግር ለሾርባ ተፈረደበት። ኤልዳና ጥቁር ክሯን ለመንቀል ተቀመጠች። መቀስ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ሳብ ስታደርገው ሁሉም ይፈታል፣ አንድም የታገላት የለም። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው።

በምሳ ሰዓት የንስሐ አባታቸው አባ ይትባረክ መጡ። ባርከው ተቀመጡ፣ የእግሩንና የፈተናውን ወሬ ሰሙ፣ ሾርባውንም አመሰገኑ። ትንሽ እንደቆዩ ከአፋቸው አንድ ነገር አወጡ፤ የተቋጠረ ክር ነው። ሳቡት፣ እምቢ አለ። በጥፍራቸው ታገሉት። በጥርሳቸው ሞከሩት፣ አልተፈታም።

«እሰይ ልጄ! ሦስት ሰዓት ተቀቅሎ ያልተፈታ ቋጠሮ! ፈተናውን አለፍሽ በይኛ!»

ኤልዳና ክሩን ተቀብላ አየችው። አረንጓዴ ነው።

ቀና ስትል እትዬ ውብአለም የተቆረሰውን ዳቦ እንደገና ይቆርሳሉ።

«እትዬ! በሁዳዴ?»

«አልበላሁም!» አሉ እትዬ ውብአለም ጮክ ብለው። «ሰፋሁ እንጂ! አንዲት ብቻ ናት፣ አባቴ፣ ከሰኮናው ሥር፣ እሷ ሆስፒታል ስትሄድ። ልጅቷ ስትንገላታ አላስችል ቢለኝ ነው።»

አባ ይትባረክ አንዴ ክሩን፣ አንዴ ሴትዮዋን አዩና ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ኤልዳና ግን አልሳቀችም። አፈረች፣ ተናደደችም፤ ሁዳዴውን ሙሉ የቋጠሮው ብልሃት ከጀርባዋ ተቀምጦ ሲለፈልፍላት ኖሯል። ተነስታ ክሯንና መርፌ መያዣዋን አመጣች፤ ሳህኑን ገፋ አድርጋ እትዬ ውብአለም ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ሁለተኛው ዙር በየት በኩል ነው ያሉኝ?»

እትዬ ውብአለም እጃቸውን ጠረጉ።

«መጀመሪያ» አሉ፣ «ሎሚውን አምጪ።»